የበቅሎ ጠባቂው ታሪክ መጨረሻ

በሩ ሲከፈት ስምንታችንም እንደ ደንቡ ቆመን ነበር። እትዬ ከበሩ በስተቀኝ፤ የክፍሉ ካቦ፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ ስለነበሩ ከሁላችንም ፊት ይቆማሉ። ከእርሳቸው ቀጥሎ ሁለት እህትማማቾች፣ ታናሽየዋ የታላቋን ቀሚስ ጫፍ ይዛ። ነፍሰ ጡሯ ከሽንት ባልዲው ወዲህ ግድግዳውን ተደግፋ። ሦስት የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪዎች በመስኮቱ ሥር። እኔ በስተመጨረሻ፣ ባዶ ጆንያዎች በተከመሩበት ጥግ። በሩ ላይ አንድ ጠባቂ ጠመንጃ አንግቷል፤ ከፊቱ መርማሪው ወረቀት ይዟል፤ በሁለቱ መካከል የሃያ ዓመት ያህል ወጣት ጫማዋን በእጇ ይዛ ቆማለች። ጫማዋን በእጇ ይዛ የምትገባ ሰው ውስጥ እግሯን እንደተገረፈች ስለምናውቅ የጠየቃት የለም።

ቤቱ አብዮቱ ከመምጣቱ በፊት የእህል መጋዘን ነበር። በሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ ገና የማሽላ ፍሬ ይገኝ ነበር። ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው ነቀዙ ከግድግዳው እየወጣ ልብሳችን ላይ ይሄዳል። እኔ ከገባሁ አራተኛ ወር ሆኖኝ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ አብራኝ የምታጠና ልጅ ቤት በራሪ ወረቀት ተገኘ ተብሎ ነው የተያዝኩት። ስለዚያ የምጽፈው የለኝም።

መርማሪው ስም ጠራ። የወጣቷን ስም ከአንድ የታወቁ ደጃዝማች ስም ጋር አያይዞ ነበር የጠራው። እርሷ ወደ ኋላዋ ዞራ ጠባቂውን አየችው። መርማሪው ደግሞ ጠራ።

«አቤት» አለች።

«መጀመሪያ ስጠራሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«ሌላ ሰው የሚጠሩ መስሎኝ ነው።»

«ሌላ ሰው የለም» አለና በሩን አስዘጋው።

እትዬ የጠጅ ቤት ባለቤት ነበሩ፤ የእህታቸውን ልጅ ደብቀዋል ተብለው ነው የገቡት። አዲስ ሰው ሲመጣ ቦታ የሚሰጡት እርሳቸው ናቸው። «ነይ ልጄ፣ ከጸሐፊያችን ጎን ተኚ። ታንኮራፋለች፤ ግን ጽሕፈቷ ጥሩ ነው» አሏት። የክፍሉን ማመልከቻ ሁሉ የምጽፈው እኔ ስለነበርኩ ጸሐፊ ይሉኝ ነበር። አላንኮራፋም፤ ሆኖም ጆንያ አነጠፍኩላት።

ወጣቷ ነገሯን የነገረችን በትንሽ በትንሹ ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። ደጃዝማቹ ያገቧቸው አይደሉም፤ ልጃቸውንም ልጄ ብለው ጠርተዋት አያውቁም። ትምህርት ቤት የገባችው በእናቷ አባት ስም ነው። ነርስ ለመሆን ስትማር ደጃዝማቹ አንድ ቀን ሆስፒታሉን ሊጎበኙ መጡ፤ ከተማሪዎቹ ጋር ተሰልፋ እጃቸውን ጨበጠች። ስለ አባቷ በራሷ ዐይን ያየችው ይህን ብቻ ነው። አሁን ደጃዝማቹ ታስረዋል፣ ሚስታቸውና ዘመዶቻቸውም ታስረዋል፤ አንድ ጎረቤት የእርሷን ወሬ ለሚመለከታቸው አድርሷል።

«ስሜ ከእሳቸው ስም ጋር ሲጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት የዚያን ቀን ነው» አለችኝ። «ደንግጬ መሰለሽ ዝም ያልኩት? ደስ ብሎኝ ነው። ያመኛል መሰለኝ።»

ከምሳ በኋላ፣ የስንቅ ዕቃው ታጥቦ ወደ ውጭ ሲመለስ፣ አንዳችን ታሪክ ታወራልን ነበር። በተራ ነው። ሕጉን ያወጡት እትዬ ናቸው፤ ክፉ መጨረሻ ያለው ታሪክ አይወራም። ከእኔ መግባት በፊት አንዲት ሴት የሞት ታሪክ አውርታ በማግስቱ ጠዋት ተጠርታ ወጣች፤ አልተመለሰችም። ከዚያ ወዲህ ሕጉን የጣሰች ሦስት ቀን ባልዲ ታወጣለች። አንድ ጊዜ ታናሽየዋ እህት ፍየሏን ጅብ በላት ብላ ስታበቃ ሁሉም ወደ ባልዲው አዩ።

«ከዚያ በኋላ ጅቡ ተጸጸተ» አለች ፈጥና።

«ተጸጽቶስ?» አሉ እትዬ።

«ተፋት።»

«ከነቀንዷ?»

«ከነቀንዷ፣ እትዬ።»

ተራዬ ሲደርስ የበቅሎ ጠባቂውን ታሪክ መረጥኩ። የነገሩኝ አያቴ ናቸው፤ መሪጌታ ነበሩ። የመረጥኩት ለወጣቷ ብዬ ነው። ስጦታ የምሰጣት መስሎኝ ነበር።

በድሮ ዘመን፣ ነገሥታቱ ከነሠራዊታቸው በድንኳን በሚዘዋወሩበት ጊዜ፣ አንድ ንጉሥ አንዱን ክረምት በአንድ ወንዝ ዳር አሳለፈ። እዚያ ሳለ ከድንኳን ተሸካሚዎቹ የአንዱን ልጅ ወደደ። መስከረም ሲጠባ ድንኳኑ ተነቀለ፤ ልጅቷም ከተሸካሚዎቹ ጋር በእግሯ ተከተለች፣ በመንገድ ላይም ወንድ ልጅ ወለደች። የማን ልጅ እንደሆነ ሠራዊቱ ሁሉ ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም። ልጁ ከፍ ሲል የንጉሡ ፈረሶችና በቅሎዎች አለቃ፣ ባልደራሱ፣ ወስዶ በቅሎ ጠባቂ አደረገው። አንድ ቀን ንጉሡ በቅሎው ላይ ሊወጣ ሲል ልጁን አየና «ይህ የማን ልጅ ነው?» ብሎ ጠየቀ። የመለሰ የለም። ንጉሡ ጥቂት አየውና «እጁ በቅሎ ያውቃል» ብሎ ሄደ። ሌላ ጊዜ አልጠየቀም። ልጁ አድጎ ጎልማሳ እስኪሆን በየማለዳው የአባቱን እግር ይዞ እርካብ ውስጥ ያስገባ ነበር።

ንጉሡ ሲሞት አንዱ ልጁ ነገሠ። የቀሩት፣ ዙፋን እንዳይሻሙ፣ አንድ በር ብቻ ወዳለው አምባ ይወሰዳሉ፤ ከዚያ አይወርዱም። ወታደሮች በየድንኳኑ እየዞሩ የንጉሥ ልጆችን ሰበሰቡ። በቅሎዎቹ ወደታሰሩበትም መጡ።

«እዚህ የንጉሥ ልጅ አለ?» አለ አዛዣቸው።

ባልደራሱ «እዚህ ያለው በቅሎ ብቻ ነው» አለ። ወደ ጎልማሳው ዞሮም በዐይኑ ዝም በል አለው።

ጎልማሳው ልጓሙን ለባልደራሱ ሰጠና «አለ፤ እኔ ነኝ» አለ።

እዚህ ላይ እትዬ አቋረጡኝ። «ምን ያለው ጅል ነው! በቅሎውን ይዞ አይሄድም?»

«ያስጨርሷት እንጂ፣ እትዬ» አለች ወጣቷ። እስከዚያን ቀን ድምጿን ከፍ አድርጋ ስትናገር አልሰማኋትም።

አያቴ የነገሩኝ መጨረሻ ይህ ነው፤ ለክፍሉ ግን አላወራሁትም። ጎልማሳው አምባው ላይ ወጣ። የንጉሡ ልጆች የተሸካሚ ልጅ ነው ብለው ከማዕዳቸው አላቀረቡትም። ጠባቂዎቹም የንጉሥ ልጅ ነው ብለው አላስጠጉትም። አርባ ዓመት ውሃ ሲቀዳ ኖረ። ሲሞት መኳንንቱ ከእኛ መካነ መቃብር አይገባም አሉ፣ ጠባቂዎቹም ከእኛ አይገባም አሉ፤ ከሁለቱ መካከል መንገድ ዳር ቀበሩት። አያቴ እዚህ ላይ ያቆሙና ዳዊታቸውን ይከፍታሉ። ምክር አይጨምሩበትም ነበር።

እትዬ ባልዲውን ማየት ጀምረዋል። ወጣቷ ጉልበቷን አቅፋ እኔን ታያለች። ስለዚህ ሌላ መጨረሻ አወጣሁለት። በሦስተኛው ዓመት አዲሱ ንጉሥ ያለ ልጅ ሞተ አልኩ። መልእክተኞች ወደ አምባው ወጡ። ወንድማማቾቹ መክረው «አባታችንን በየማለዳው ያገለገለ ከእርሱ በቀር የለም፤ እርሱ ይንገሥ» አሉ። ታላቅየው ካባውን አውልቆ አለበሰውና «ወንድማችን» ብሎ ጠራው።

ሴቶቹ ድምፅ እንዳይወጣ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው እልል አሉ። እትዬ «አሁን ታሪክ ሆነ» አሉ።

«ታላቅየው ነው የጠራው?» አለች ወጣቷ።

«አዎ።»

«ወንድማችን ብሎ?»

«አዎ።»

ስለ ዘውዱ ምንም አልጠየቀችም። ያን ጊዜ አላስተዋልኩም።

ከዚያ አሥር ቀን ያህል ቆይቶ መርማሪው ከምሳ በኋላ መጣ። እናቷ የትምህርት ቤት ወረቀቷን ይዘው ቢሮ ለቢሮ ሲዞሩ ሰንብተው ኖሮ፣ ወረቀቱ ደርሶታል። ክፉ ሰው አልነበረም ብል አልዋሽም፤ ሥራውን ቶሎ መጨረስ የሚፈልግ ሰው ነበር።

«በወረቀትሽ ላይ ያለው ሌላ ስም ነው» አላት። «ሰውየው አባቴ አይደሉም፣ ዝምድናም የለኝም ብለሽ ፈርሚ። ነገ በዚህ ሰዓት እመጣለሁ፣ ወደ እናትሽ ትሄጃለሽ።» ወረቀቱን የሰጠው ግን ለእኔ ነበር። «አንቺ ጻፊላት።»

ጻፍኩት። ቃላቱን መርጬ፣ መስመሩን አስተካክዬ፣ ከታች ለፊርማ ቦታ ትቼ። በዕድሜዬ እንደዚያ የተጣራ ጽሕፈት የጻፍኩ አይመስለኝም።

ያን ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ሠርግ ቤት መሰለ። ነፍሰ ጡሯ ለባሏ የምታደርስላትን መልእክት ታስጠናት ጀመር። ወጣቷ ግን ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታየዋለች።

«ምን ታነቢዋለሽ?» አሏት እትዬ። «በደጉ ቀን ልጄ ላላሉሽ ሰው፣ በክፉ ቀን ልጅ መሆን ምን ይባላል? እናትሽ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቷቸዋል አላልሽም? ፈርሚና ውጪ!»

«እሺ፣ እትዬ።»

«እሺ ስትዪ ጥርስሽን አሳዪኝ።»

ጥርሷን አሳየቻቸው። ሁሉም ሳቀ።

በማግስቱ ጠዋት ጆንያዎቹን ስናራግፍ በአንዱ ጫፍ እርሷ፣ በሌላው እኔ ይዘን ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ» አለች። «የበቅሎ ጠባቂው ነገር እውነት ነው?»

«አያቴ የነገሩኝ ነው።»

«መጨረሻውም?»

እትዬ በአጠገባችን ነበሩ። ታሪኩን ሁሉም ወዶታል፤ ተማሪዎቹ ደግሜ እንዳወራው ጠይቀውኛል። ወረቀቱ ተጽፎ አልቋል፣ ትፈርማለች ብዬ አስቤያለሁ። ይህን ሁሉ የምለው ለምን እንደዋሸሁ ለመናገር እንጂ ለማመካኘት አይደለም።

«መጨረሻውም» አልኳት።

ጆንያውን አጥፋ ክምሩ ላይ አኖረችው። «ግድ የለም» አለች ፈገግ ብላ። «እኔስ ዘውድ አልፈልግም።»

መርማሪው በሰዓቱ መጣ። ጠረጴዛ ስላልነበረን የምንፈርመው አንዳችን በሌላችን ጀርባ ላይ ነበር። እኔ ዞሬ ጎንበስ አልኩ። ወረቀቱን ጀርባዬ ላይ ዘረጋችና እስክሪብቶውን ተቀበለች። ፊርማ አጭር ነው። በጀርባዬ ላይ የሄደው እስክሪብቶ ግን ሄዶ፣ ጥቂት ቆሞ፣ እንደገና ሄደ። ሳልዞር አወቅሁ።

ወረቀቱን በሁለት እጇ ሰጠችው።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ መርማሪው።

«ስሜ ነው።»

«ሌላ ወረቀት ይምጣልሽ?»

«አያስፈልግም፤ አልተሳሳትኩም።»

እኔ ከጻፍኩት በታች፣ ለፊርማ በተውኩት ቦታ ላይ፣ ስሟንና የአባቷን ስም ከነማዕረጋቸው ጽፋ «ልጃቸው ነኝ» ብላ ጨምራበታለች። መርማሪው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አጥፎ ኪሱ ከተተ። ያን ቀን ታሪክ አልተወራም።

በሳምንቱ «ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ» ተባለች። የመኳንንቱ ሚስቶችና ልጆች ወደታሰሩበት ወደ ሌላው እስር ቤት ነበር የወሰዷት። ስትወጣ ጫማዋን ተጫምታ ነበር። እኔ ከዓመት በኋላ ተፈታሁ። የእናቷን ቤት መንገድ ነግራኝ ስለነበር አውቀው ነበር። አልሄድኩም።

ሎስ አንጀለስ ከመጣሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። የሰው አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ስንከባከብ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የምኖረው ዌስት አዳምስ በሚባለው ሰፈር ነው። በቅርቡ ከዚያን ጊዜዎቹ ተማሪዎች አንዷ፣ በሌላ ስቴት የምትኖረው፣ ስልክ ደውላ የደጃዝማቹ ልጅ ሊያገኝሽ ይፈልጋል አለችኝ። ከሚስታቸው የተወለዱት፣ ያን ጊዜ ውጭ አገር ይማሩ የነበሩት ናቸው። በስልክ ሲያነጋግሩኝ ስለ እህታቸው የማውቀውን እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። እህቴ ነው ያሉት። ይህን እስከዚህ ያነበባችሁትን ጽፌ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ በምሳ ሰዓት ተገናኘን።

ሰባ አምስት ዓመት ያልፋቸዋል፤ ከዘራ ይዘዋል። ከባልድዊን ሂልስ ሰፈር ይዛቸው የመጣችው ሴት ልጃቸው ናት።

«ማዘር፣ ፒክ አፕ ላድርግሽ ብልሽ እምቢ አልሽ። በዚህ ሙቀት በባስ!» አለችኝ።

«አውቶቡሱ ቅርብ ነው የሚያወርደኝ።»

«ኦኬ። ዳዲ፣ ቬጂ ኮምቦ፣ የጾሙን፣ ኦርደር ላድርግ? ጨው እንዲቀንሱልህ እነግራቸዋለሁ።»

እርሳቸው ስለ ምግቡ ግድ አልነበራቸውም። እናታቸው የነገሯቸውን ነገሩኝ። «ልጅቷ እዚያ እስር ቤት ስትገባ እናቴ ይህችን አላውቃትም አሉ። በሩ አጠገብ ተኛች። ሁለት ዓመት ሙሉ ቃል አልተለዋወጡም። ኋላ ተስቦ ገባ። እናቴን ያስታመመቻቸው እርሷ ናት። እርሳቸው ተነሡ፣ እርሷ ወደቀች። እዚያው አረፈች።»

ማረፏን ከብዙ ዓመት በፊት ሰምቼ ነበር። በሩ አጠገብ መተኛቷን አልሰማሁም።

«ልጄ ብለው ጠሯት?» አልኳቸው።

«ለእኔ እህትህ ናት ብለው የነገሩኝ ሊያርፉ ሲሉ ነው።»

«ለእርሷስ?»

ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ።

ከዚያ ያሰቡትን ነገሩኝ። ቤተሰቡ ስለ አባታቸው መጽሐፍ እያዘጋጀ ነው፤ የልጆቻቸው ስም ይዘረዘርበታል። ወንድሞቻቸው የእርሷ ስም መግባቱን ተቃውመው ነበር። እርሳቸው «ለአባቷ ክብር ነፍሷን የሰጠች ናት» ብለው በስንት ጭቅጭቅ አሳመኗቸው። የእኔ ጽሑፍ የሚፈለገው ለዚህ ነበር።

መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቶቹን እዚያው አነበቡ። የበቅሎ ጠባቂው ታሪክ ላይ ሲደርሱ ዝግ አሉ። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«የአባቷን ስም የጻፈችው ተረት ሰምታ ነው ልንላቸው ነው?»

«እንዲህ ነው የሆነው።»

«ዳዲ፣ ምንድን ነው?» አለች ልጃቸው። በአጭሩ ነገሯት። «ሶ፣ ያንን ፓርት ብቻ ኤዲት እናድርገው» አለች። «ማዘር፣ ስሟን የጻፈችበት ቦታ እኮ በጣም ደስ ይላል። እዚያ ላይ ያልቃል፣ ፊኒሽ።»

እርሳቸው ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እርስዎን የሚጎዳዎት ነገር የለም» አሉኝ። «ወንድሞቼ ይህን ካዩ ስሟን ያወጡታል። ይህን አንድ ነገር ያውጡልኝና ከእኛ ጋር ትግባ።»

እውነታቸውን ነበር። ክፉ ሰው አይደሉም። ስሟ ከወንድሞቿ ስም ጋር ተጽፎ ማየት እኔም እፈልጋለሁ። «ዘውድ አልፈልግም» ያለችኝን ብዙ ዓመት ሳገላብጠው ኖሬአለሁ። አንዳንድ ቀን፣ ውሸቴን አውቃብኝ፣ ያለ እኔ ታሪክም የምትጽፈውን ጻፈች እላለሁ። አብዛኛውን ቀን እንደዚያ አልልም። የፈለገችው ወንድማችን የሚለውን ቃል ነበር፤ እርሱንም የሰማችው ከእኔ ነው።

«እውነቱን ነግረዋት ቢሆን አባቴ አይደሉም ብላ ትፈርም ነበር?» አሉኝ።

«አላውቅም። እውነቱን ስላልነገርኳት ማወቅ አልችልም።»

«እንግዲያውስ ምኑ ይጻፋል?»

«አንድ ጊዜ መጨረሻውን አሳምሬላት ነበር» አልኳቸው። «አልደግመውም። ስሟን ለማስገባት ምክንያት ካስፈለጋችሁ፣ ልጃቸው ነበረች። ሌላ ምክንያት አልጽፍም።»

ወረቀቶቹን ከፊታቸው አላነሣሁም። ነጠላዬን አስተካከልኩ፣ ቦርሳዬን ያዝኩ፣ ለሁለቱም እጅ ነሥቼ ወጣሁ።